ቴኳንዶ፦ የሚስብበት፣ የሚጎዳበትና የጤና ባለሙያው ድርሻ

በሆሳዕና ከተማ ቀኑ ወደ ማታ ሲያዘነብል፣ ተማሪው ከትምህርት ቤት፣ ሠራተኛውም ከቢሮ በሚመለስበት ሰዓት፣ ከኪራይ አዳራሽ ወይም ከትምህርት ቤት ግቢ «ሃና፣ ዱል፣ ሴት» የሚል የኅብረት ቆጠራ ይሰማል። ቋንቋው ኮሪያኛ ነው፤ ቆጣሪዎቹ ግን የሐዲያና የከምባታ ልጆች ናቸው። ነጭ ልብስ ለብሰው፣ ወገባቸውን ባለ ቀለም ቀበቶ ታጥቀው፣ በባዶ እግራቸው ተሰልፈው አየሩን በእግራቸው ይቀዝፋሉ። በዱራሜም ሆነ በዙሪያው ባሉት አነስተኛ ከተሞች፣ እንደ ሌሎቹ የአገሪቱ ከተሞች ሁሉ፣ ቴኳንዶ የወጣቶች የዕለት ተዕለት ሕይወት አካል ሆኗል።

ከእነዚህ ልጆች አንዱ ዛሬ ባይሆን ነገ ከጤና ጣቢያ መድረሱ አይቀርም። ቁርጭምጭሚቱ አብጦ፣ ክንዱ ተሰብሮ ወይም ራሱን ተመትቶ ሊመጣ ይችላል። ምንም ሳይሆን «ለስፖርት ብቁ ነው» የሚል ወረቀት ፈልጎ የሚመጣም አለ። እናቲቱም አብራ መጥታ «ይህ ነገር ለልጄ ደግ ነው ወይስ ክፉ?» ብላ ትጠይቃለች። «ይተወው» ማለት ለባለሙያው ቀላሉ መልስ ነው። ይሁን እንጂ ልጁ አይተወውም፤ በሚቀጥለው ጊዜ የሚተወው ወደ ጤና ጣቢያ መምጣቱን ነው። ስለዚህ ባለሙያው ስለ ስፖርቱ ምንነት፣ ልጁን ስለሚስበው ነገርና አደጋው በትክክል ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ይኖርበታል።

ስለ ስፖርቱ ምንነት

ቴኳንዶ የሚለው ስም ከሦስት የኮሪያ ቃላት የተገኘ ሲሆን፣ ቴ እግርን፣ ኳን ቡጢን፣ ዶ ደግሞ መንገድን ወይም ሥርዓትን ያመለክታል። ስያሜው ተቀባይነት ያገኘው በጄኔራል ቾይ ሆንግ ሂ አማካይነት እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች በኮሪያ ተራሮች ላይ ሲዋጉ ስሙ ገና አልወጣም ነበር ማለት ነው። ቀጥሎ ስፖርቱ በሁለት ተከፈለ። ኢንተርናሽናል ቴኳንዶ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1966 ሲመሠረት፣ ዛሬ ወርልድ ቴኳንዶ የሚባለው ድርጅት ደግሞ በ1973 ተቋቋመ። በአገራችንም ሁለቱም ዘርፎች ስላሉ ሠልጣኞች «ወርልድ» እና «ኢንተርናሽናል» ብለው ይለዩአቸዋል።

ይህ ልዩነት የስፖርት አስተዳደር ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ለሐኪሙም ይጠቅማል። በወርልድ ቴኳንዶ ውድድር ራስን በቡጢ መምታት የተከለከለ ሲሆን በእግር መምታት ግን የተፈቀደ ነው። ተወዳዳሪዎቹ የደረትና የራስ መከላከያ ለብሰው በሙሉ ኃይል ይመታታሉ። በኢንተርናሽናል ቴኳንዶ ደግሞ በእጅም በእግርም ራስን መምታት ይቻላል፤ ሆኖም ጓንትና የእግር መሸፈኛ ይደረጋል፣ ምቱም በቁጥጥር ሥር መሆን እንዳለበት ደንቡ ያዝዛል። ስለዚህ ተጎጂውን «የትኛውን ትሠራለህ?» ብሎ መጠየቅ ቦክሰኛን ስንት ዙር እንደተጋጠመ እንደ መጠየቅ ያለ ተገቢ ጥያቄ ነው።

ወርልድ ቴኳንዶ እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ የሜዳሊያ ውድድር ሆኖ ወደ ኦሊምፒክ ገባ። በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ሰሎሞን ደምሴ በ58 ኪሎ ግራም ክብደት ኢትዮጵያን ወክሎ ተሰልፏል። ኦሊምፒክ ማለት ሩጫ ብቻ ሆኖ ለሚታየው የሆሳዕና ልጅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ልጆቹን የሚስባቸው ምንድን ነው?

ከሁሉ በፊት ቦታና ገንዘብ ብዙ አይጠይቅም። ክረምቱ ጠንክሮ የኳስ ሜዳው ጭቃ በሚሆንበት ወቅት አንድ አዳራሽ ሠላሳ ልጅ ያሠለጥናል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ ከመካከለኛ እስከ ከባድ የሰውነት እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። አንድ ሰዓት የዘለለ፣ የተሳሳበና አየሩን በእግሩ የመታ ልጅ የዚያን ቀን ድርሻውን ጨርሷል። ሚዛን መጠበቅ፣ መተጣጠፍና ቅልጥፍናም አብረው ይመጣሉ።

ሁለተኛው የቀበቶው ነገር ነው። ከነጭ ወደ ቢጫ፣ ከዚያም ወደ አረንጓዴ፣ ወደ ሰማያዊና ወደ ቀይ፣ በመጨረሻም ወደ ጥቁር የሚወስደው ጉዞ ልጁ ጥረቱን በዓይኑ እንዲያይ ያስችለዋል። በትምህርት ቤት ሰባ ተማሪ ባለበት ክፍል ውስጥ ስሙ የማይጠራ ልጅ እዚህ ስሙ ተጠርቶ፣ ፈተና ተፈትኖ፣ በጓደኞቹ ፊት ተጨብጭቦለት ቀበቶ ይቀበላል። አሠልጣኙን «ማስተር» ብሎ ይጠራል፤ ሲገባም ሲወጣም እጅ ይነሣል። ወላጆችም የልጃቸው ጠባይ ተለወጠ ብለው የሚያመሰግኑት አብዛኛውን ጊዜ ይህን ሥርዓት አይተው ነው።

ይህ የወላጆች ምስክርነት በጥናት የተደገፈ ነውን? ከፊሉ አዎን። ሌክስና ሆይት የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት የትምህርት ቤት ጥናት፣ ለሦስት ወር ቴኳንዶ የሠለጠኑ ልጆች የተለመደውን የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ከወሰዱት ይልቅ ራሳቸውን በመግዛት የተሻለ ለውጥ አሳይተዋል። በአንጻሩ ኤንድሬሰንና ኦልቬየስ በኖርዌይ አድርገው በ2005 ያሳተሙት ጥናት፣ ቦክስ፣ ትግል፣ ክብደት ማንሳትና የምሥራቅ ማርሻል አርት በሚሠሩ ወንዶች ልጆች ላይ ጠብ አጫሪነትና ሥርዓት መጣስ እየጨመረ መሄዱን አመልክቷል። ሁለቱን ለማስታረቅ የሚረዳው ትረልሰን በ1986 ያቀረበው አነስተኛ ጥናት ነው። ጥፋት የፈጸሙ አሜሪካውያን ወጣቶችን በሦስት ቡድን ከፍሎ፣ አንዱን በባህላዊው መንገድ፣ ማለትም አክብሮትን፣ ትዕግሥትንና የሐሳብ ጽሞናን ከቴኳንዶ ጋር፣ ሌላውን የድብድቡን ዘዴ ብቻ፣ ሦስተኛውን ደግሞ ሩጫና ቅርጫት ኳስ አሠልጥኗል። ከስድስት ወር በኋላ የመጀመሪያው ቡድን ጠብ አጫሪነቱ ሲቀንስ የሁለተኛው ጨምሮ ተገኘ። ቁጥራቸው ጥቂት ስለነበረ ውጤቱን እንደ ሕግ መያዝ አይገባም፤ ሆኖም ልጁን የሚቀርጸው ማን እንዴት እንደሚያስተምረው መሆኑን ይጠቁማል።

ለሴት ልጆች ደግሞ የተለየ ትርጉም አለው። ሴት ልጅን ጠልፎ ማግባት በዚህ አካባቢ የትናንት ትዝታ ነው። ቦጋለች ገብሬ ከእኅታቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1997 የመሠረቱት ኬ ኤም ጂ በከምባታ ከግርዛትና ከጠለፋ ጋር ለዓመታት ታግሏል። ያንን ዘመን ያስታወሰች እናት ልጇ ቀና ብላ ስትሄድና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስትቆጥር ብትደሰት የሚገባ ነው። ይሁንና የሴት ልጆች ሥልጠና በአብዛኛው በወንድ አሠልጣኝ የሚሰጥ፣ ሰውነት መንካትን የሚጠይቅና አመሻሽ ላይ የሚያልቅ በመሆኑ፣ ሌላ ሰው በሌለበት ሥልጠና እንዳይሰጥ ወላጆችን መምከር ያስፈልጋል። ያለ ግልጽ ምክንያት በድንገት «አልሄድም» የምትል ልጅ ስትመጣም ባለሙያው ለብቻዋ ሊያነጋግራት ይገባል።

ወጣት ወንዶችን በተመለከተ አንድ ነገር ማንሣት ያሻል። ከሐዲያና ከከምባታ ብዙ ወጣት ወደ ደቡብ አፍሪካ ይሰደዳል፤ በዚያም በሱቁ ውስጥ ዘራፊ እንደሚገጥመው አስቀድሞ ሰምቷል። «ራሴን ለመከላከል ነው የምማረው» ቢል አያስደንቅም። የእግር ምት ግን ሽጉጥ ከያዘ ሰው አያድንም፤ ጥቁር ቀበቶ የሰጠው ድፍረት እጁን ሰጥቶ ሊተርፍ የሚችለውን ሰው ሊያስገድለው ይችላል። ይህን በግልጽ የሚናገር አሠልጣኝ ምስጋና ይገባዋል።

ራስን መመታት

ከቴኳንዶ ጉዳቶች አብዛኞቹ ቀላል ናቸው። የእግር ጫማ የላይኛው ገጽ ብልዝ፣ የቁርጭምጭሚት ወለምታ፣ የጣት ስብራትና የብሽሽት ጡንቻ መሳሳብ የተለመዱ ሲሆኑ፣ በዕረፍት፣ በቀዝቃዛ ውኃ፣ በማሰሪያና እግርን ከፍ አድርጎ በመያዝ ይድናሉ። ባለሙያውን ሊያሳስበው የሚገባው ራስ ላይ የሚያርፈው ምት ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ከውድድሩ ደንብ ነው። በወርልድ ቴኳንዶ ግንድ አካልን በእግር የመታ ሁለት ነጥብ ሲያገኝ፣ ራስን የመታ ሦስት ያገኛል፤ ዞሮ ለመታ ደግሞ ከዚያም በላይ ይጨመርለታል። ስለዚህ ጎበዝ የሚባለው ልጅ ራስ ላይ መድረስ የሚችለው ነው፤ ተመልካችም የሚያጨበጭበው ለዚያ ነው። እጅግ የሚስበውና እጅግ የሚጎዳው አንድ ሆኖ መገኘቱ የዚህ ስፖርት ትልቁ እንከን ነው።

የአንጎል መናጥ፣ ማለትም ኮንከሽን፣ ራስ ወይም አንገት ወይም ሌላ አካል ተመትቶ ኃይሉ ወደ አንጎል ሲተላለፍ የሚከሰት የአንጎል ሥራ መታወክ ነው። ራስን መሳት ግዴታ አይደለም፤ አብዛኞቹ ተጎጂዎች ራሳቸውን አይስቱም። የራስ ምታት፣ መፍዘዝ፣ ማቅለሽለሽ፣ ብርሃን መጥላት፣ የተጠየቁትን ቀስ ብሎ መመለስ፣ «ምን ሆኜ ነው?» እያሉ ደጋግሞ መጠየቅ ምልክቶቹ ናቸው። በመደበኛው ሲቲ ስካን ላይም አይታይም። የሲቲ ስካን ጥቅም ደም መፍሰስን ለመለየት ነው። የራስ መከላከያው የራስ ቅል ስብራትንና የቆዳ መሰንጠቅን ሊቀንስ ቢችልም፣ ኮንከሽንን እንደሚከላከል አልተረጋገጠም። ልጁ ሄልሜት አድርጎ ነበር መባሉ ምርመራውን ሊያስቀር አይገባም።

እ.ኤ.አ. በ2022 በአምስተርዳም በተካሄደው ጉባኤ ላይ ተመሥርቶ በ2023 የታተመው ዓለም አቀፍ የስምምነት ሰነድ የሚያስቀምጠው መንገድ ለጤና ጣቢያም የሚከብድ አይደለም። ኮንከሽን የተጠረጠረበት ሰው በዚያው ቀን ወደ ስፖርት አይመለስም። ለመጀመሪያዎቹ ከ24 እስከ 48 ሰዓታት አንጻራዊ ዕረፍት ያደርጋል፤ ይህም ጨለማ ክፍል ውስጥ ተኝቶ መዋል ማለት ሳይሆን፣ በቤት ውስጥ ቀለል ያለ እንቅስቃሴ እያደረገ ቴሌቪዥንና ስልክ ማየትን መቀነስ ነው። ከዚያ በኋላ በደረጃ ይመለሳል፦ በእግር መሄድ፣ ቀላል ሩጫ፣ ያለ ንክኪ ልምምድ፣ በመጨረሻም ምልክቶቹ ፈጽመው ከጠፉና በሐኪም ከታየ በኋላ ስፓሪንግ። ወደ ትምህርት ሙሉ በሙሉ ሳይመለስ ወደ ስፓሪንግ አይመለስም። የወርልድ ቴኳንዶ ደንብም ራሱን ተመትቶ የተሸነፈን ተወዳዳሪ ለ30 ቀን ከውድድር ያግዳል።

እየባሰ የሚሄድ የራስ ምታት፣ ተደጋጋሚ ትውከት፣ መንቀጥቀጥ፣ የአንድ ወገን መድከም፣ የዓይን ብሌኖች መበላለጥ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፣ ከአፍንጫ ወይም ከጆሮ ንጹሕ ፈሳሽ ወይም ደም መውጣት ከታየ፣ ወይም አንገቱን ካመመው፣ ልጁ ሳይዘገይ ሲቲ ስካንና የቀዶ ሕክምና አገልግሎት ወዳለበት ሆስፒታል መላክ አለበት። ከገጠር ከተሞች መንገዱ ረጅም ሊሆን ስለሚችል «እስከ ጧት እንጠብቅ» የሚለው ውሳኔ በተለይ አደገኛ ነው። ከራስ ቅል በታች የሚፈስ ደም ያለበት ሰው ለጥቂት ሰዓታት ደኅና መስሎ ሊቆይ ይችላል።

የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ሪፖርት ንክኪ የሌለባቸው የማርሻል አርት ዓይነቶች እንዲበረታቱ፣ ንክኪ ያለበት ውድድር ልጁ በአካልም በአእምሮም እስኪበስል እንዲዘገይና ራስን መምታትን የሚሸልሙ ደንቦች እንዲቀሩ መክሯል። ይህ ለሆሳዕናም ይሠራል። በቴኳንዶ ፑምሴ ወይም ፓተርን የሚባለው፣ ብቻን የሚሠራው የእንቅስቃሴ ቅደም ተከተል አለ። ከላይ የተዘረዘሩት ጥቅሞች ሁሉ ማለት ይቻላል፣ የቀበቶው ክብር ሳይቀር፣ በፑምሴና ባዶ አየር ወይም ፓድ በመምታት ይገኛሉ። የአንጎል ጉዳት የሚመጣው ከስፓሪንግ ነው። ስለዚህ የእናቲቱ ጥያቄ «ይሥራ ወይስ ይተው?» ከሚለው ወደ «የትኛውን ክፍል ይሥራ?» ወደሚለው መዞር አለበት።

ስብራትና ወጌሻ

በእንግዳ አገር መጽሐፍ ውስጥ የማይገኝ፣ በእኛ አገር ግን ከራሱ ከስፖርቱ ይልቅ የሚያካስር አንድ አደጋ አለ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ በሲሚንቶ ወለል ላይ ዘሎ ሲመታ ሚዛኑን ስቶ በእጁ ወደቀ እንበል። ክንዱ ከእጅ አንጓው በላይ ተሰበረ። ምንጣፍ ባለበት አዳራሽ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ባልተሰበረ ነበር። አሠልጣኙ ደንግጦ፣ ቤተ ሰብም ጤና ጣቢያ «ጄሶ ያደርጉበታል» ብሎ ፈርቶ ልጁን ወደ ወጌሻ ይወስዱታል። ወጌሻው ክንዱን አሽቶ፣ በቀርከሃ ስንጣሪ ደግፎ በጨርቅ ጥብቅ አድርጎ ያስረዋል። በዚያች ሌሊት ልጁ እያለቀሰ ያድራል፤ «ሕመሙ ሲጠግን ነው» ይባላል። በሦስተኛው ቀን ጣቶቹ ደንዝዘው ማልቀሱን ያቆማል። ቤተ ሰቡ ተሻለው ብሎ ሲደሰት ሥጋው እየሞተ ነው። በስድስተኛው ወይም በሰባተኛው ቀን ጠቁሮ፣ ሸትቶ ወደ ሆስፒታል ይመጣል፤ የሚቀረውም መቁረጥ ብቻ ይሆናል። በልጅ ላይ የሚደረግ እንዲህ ያለ የእጅ ቆረጣ ለኢትዮጵያ የአጥንት ሐኪሞች እንግዳ ነገር አይደለም።

እዚህ ላይ ወጌሻውን መሳደብ ቀላል ነው፤ ጥቅም ግን የለውም። ወጌሻው ቅርብ ነው፣ ዋጋው አነስተኛ ነው፣ ቋንቋቸውን ይናገራል፣ ብዙ ወለምታና ውልቃትም አድኗል። በኢትዮጵያ ገጠር ለወጌሾች አጭር ሥልጠና በመስጠት የጋንግሪንን ቁጥር መቀነስ እንደሚቻል የሚያሳይ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ2005 በእንግሊዝ የአጥንትና የመገጣጠሚያ ቀዶ ሕክምና መጽሔት ላይ ወጥቷል። አጥብቆ አለማሰር፣ ጣቶቹን ክፍት መተው፣ በማግሥቱ አይቶ ማላላት፣ ቆዳው የተቀደደ ስብራትን አለመንካት፣ እነዚህን ወጌሻው በቀላሉ የሚቀበላቸው ነገሮች ናቸው። በየከተማው የቴኳንዶ አሠልጣኞችን ሰብስቦ ለአንድ ሰዓት የሚያነጋግር የጤና መኮንን የአካባቢውን ወጌሾችም አብሮ ቢጠራ ያተርፋል።

የታሰረ ክንድ ይዞ የመጣ ልጅ ሲታይ ደግሞ ሕጉ አንድ ነው። ሕመሙ ከተለመደው በላይ ከሆነ፣ ጣቶቹን ሌላ ሰው ቀስ አድርጎ ሲዘረጋቸው የሚጮህ ከሆነ፣ ጣቶቹ ከደነዘዙ ወይም ካበጡ፣ ማሰሪያው እስከ ቆዳው ድረስ ወዲያውኑ ይፈታል። የደም ሥር ትርታ መኖሩ አያዘናጋ፤ በኮምፓርትመንት ሲንድሮም ትርታው የሚጠፋው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። ክንዱ በልብ ትክክል ይያዝና ልጁ ቀዶ ሕክምና ወዳለበት፣ ለምሳሌ በሆሳዕና ወደ ንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል ወይም ወደ ዱራሜ ሆስፒታል፣ በዚያው ሰዓት ይላካል። ጤና ጣቢያውም ራሱ ትኩስ ስብራትን ዙሪያውን በሚሸፍን ጄሶ ከመዝጋት ይልቅ በአንድ ወገን ብቻ ደግፎ ማሰር ይገባዋል፤ በጠባብ ጄሶም ጋንግሪን ይመጣልና።

ስለ አጥንት ከተነሣ አይቀር፣ ሁለት የሥልጠና ልማዶች ቢቀሩ ይሻላል። አንደኛው እግሮቹን ግራና ቀኝ እንዲዘረጋ የተደረገን ልጅ ሌላው ከላይ ሆኖ በክብደቱ መጫን ነው። በአሥራዎቹ ዕድሜ የጭን የኋላ ጡንቻ የተያያዘበት የመቀመጫ አጥንት ጫፍ ገና ስላልጠነከረ ተገንጥሎ ሊወጣ ይችላል። «ቋ» የሚል ድምፅ ሰምቶ መቀመጥ ያቃተው ልጅ የጡንቻ መሳሳብ ነው ተብሎ ብቻ መሸኘት የለበትም። ሁለተኛው በትርዒት ላይ ጡብ በእጅ መስበር ነው፤ በማደግ ላይ ያለን የልጅ እጅ አጥንት ለጭብጨባ መስጠት ነው።

እግር፣ ጣፊያና ልብ

ቴኳንዶ በባዶ እግር የሚሠራ መሆኑ በአዳራሽ ውስጥ ብዙም አያሳስብም። አዳራሽ አጥቶ በቀዩ አፈር ላይ የሚሠለጥነው ቡድን ግን ሌላ ነው። በደቡቡና በመካከለኛው የአገራችን ከፍተኛ ቦታዎች ያለው ከእሳተ ገሞራ ዓለት የተገኘ ቀይ አፈር፣ ለብዙ ዓመታት በባዶ እግር በሚረግጡት ሰዎች ላይ ፖዶኮኒዮሲስ የተባለውን፣ ትንኝ የማያስተላልፈውን የዝሆኔ ዓይነት ያመጣል። የአንድ ሰዓት ሥልጠና እንደ ገበሬው የዕድሜ ልክ ሥራ አይቆጠርም። ቢሆንም ከቤተ ሰቡ እግሩ ያበጠ ሰው ያለበት ልጅ ተጋላጭነቱ ከፍ ያለ ስለሆነ፣ ሜዳ ላይ ጫማ አድርጎ እንዲሠራ፣ ማታም እግሩን በሳሙና ታጥቦ እንዲያደርቅ መምከር ምንም ወጪ የለውም። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቱንም አብሮ መጠየቅ ይገባል።

ጣፊያ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ሆሳዕና ደጋ ብትሆንም ልጆች ከጊቤና ከብላቴ ቆላማ ቦታዎች መጥተው ይማራሉ፤ ወባ እየደጋገመ የያዘው ልጅ ጣፊያው ከጎድን አጥንቱ በታች ወጥቶ ሊገኝ ይችላል። ያበጠ ጣፊያ በአንድ የእግር ምት ይቀደዳል፤ አንዳንዴም ደም የሚፈሰው ከቀናት በኋላ ነው። ስለሆነም ጣፊያው በእጅ የሚዳሰስ ልጅ ምክንያቱ ታውቆ፣ ታክሞና እስኪመለስ ድረስ ስፓሪንግ ሊፈቀድለት አይገባም። በግራ ጎኑ ተመትቶ የግራ ትከሻውን የሚያመው ልጅ ደግሞ የትከሻ ሕመምተኛ ሳይሆን የሆድ ውስጥ ደም መፍሰስ ተጠርጣሪ ነው።

የሩማቲክ የልብ ሕመም በአገራችን ልጆች ዘንድ ብዙ ነው፤ ሳይታወቅም ይኖራል። ከጓደኞቹ ቀድሞ የሚያለከልክ፣ በሥልጠና መካከል ራሱን የሳተ፣ ከጉሮሮ ሕመም በኋላ መገጣጠሚያዎቹ ያበጡበት ልጅ ልቡ መደመጥ አለበት። ትንፋሽ የሚያጥራትን ልጃገረድ ደም ማነስም ሊሆን ስለሚችል የዓይን ሽፋኗን ገልጦ ማየት ይገባል።

የጥርስ መከላከያ ለአንድ ሰው አንድ ነው፤ በአንዳንድ ቡድኖች ግን ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ይታያል። ደም የፈሰሰበት ሰው ደሙ ቆሞ እስኪሸፈን መውጣት አለበት። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በአገራችን በመደበኛው የሕፃናት ክትባት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2007 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተወለዱት አሠልጣኞችና ትልልቅ ሠልጣኞች አብዛኞቹ አልተከተቡም። ጭርትና እከክም በጋራ ልብስና መከላከያ ይዛመታሉ።

የምስክር ወረቀቱ

ወረቀት ፈላጊው ልጅ ብዙ ጊዜ በሥራ ብዛት መካከል ይመጣል፤ ማኅተሙም ቶሎ ያርፍለታል። ከዚያ በፊት አሥር ደቂቃ ቢገኝ ይበቃል። ራሱን ተመትቶ ያውቅ እንደሆነ፣ መቼ፣ ስንት ጊዜ እንደተመታ፣ ራሱን ስቶ ወይም ተንቀጥቅጦ ያውቅ እንደሆነ፣ በቤተ ሰቡ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው መኖር አለመኖሩን መጠየቅ። ልቡን ቆሞም ተኝቶም ማድመጥ። አስተኝቶ ጣፊያውን መዳሰስ። ቆሞ ዓይኑን ጨፍኖ ሚዛኑን እንዲጠብቅ ማድረግ። ጉልበቱንና ቁርጭምጭሚቱን አንቀሳቅሶ ማየት። ክብደቱን መዝግቦ መያዝ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ለውድድር ብሎ በጾምና በላብ አራት ኪሎ ጥሎ ሲመጣ ማወዳደሪያ ይሆናል።

ከዚያም ወረቀቱ ላይ «ብቁ ነው» ወይም «ብቁ አይደለም» ከሚሉት ሌላ ሦስተኛ ቃል መጻፍ ይቻላል። ጣፊያው ያበጠው፣ ባለፈው ወር ራሱን ተመትቶ ገና የሚያዞረው፣ የሚጥል በሽታው በመድኃኒት የተያዘለት፣ ዕድሜው ገና ዘጠኝ የሆነውም ልጅ፣ «ስፓሪንግ ሳይጨምር ፑምሴና ያለ ንክኪ የሚሠራ ልምምድ እንዲሠራ ተፈቅዶለታል፤ ከሦስት ወር በኋላ ተመልሶ ይታይ» ተብሎ ሊጻፍለት ይችላል። ስሙን፣ ቀኑንና የጤና ጣቢያውን ስልክ ከታች ጨምሮ ለአሠልጣኙ በልጁ እጅ ይላካል።